«ያልተተኮሰበት» ሪቮልቨር እንዴት ይለያል?

ጥያቄ፦ እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ሻጭ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ኮልት ፓይተን ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ) «አንድም ጥይት አልወጣበትም» ብሎ አሳየኝ። ሲሊንደሩ ዙሪያ ግን ቀጭን የጭረት መስመር አለ። ዋሽቶኝ ይሆን?

መልስ፦ በመስመሩ ብቻ አይፍረዱበት። ሲሊንደሩን የሚቆልፈው ትንሽ ብረት እየታከከ የሚተወው ምልክት ነው፤ ባዶውን ቃታ ሲስቡትም ይመጣል። ዋጋ ግን ይቀንሳል። ደግሞም ፋብሪካው ራሱ ተኩሶ ስለሚፈትሽ፣ «ያልተተኮሰበት» ሲባል ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሲሊንደሩን ከፍተው ስድስቱም ቀዳዳዎች ባዶ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ከዚያ በትንሽ ባትሪ የሲሊንደሩን ፊት ይዩ፦ በየቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ካለ ባሩድ ነው። ሲሊንደሩና በርሜሉ ከሚገናኙበት ክፍተት በላይ ያለውን ብረት፣ የበርሜሉንም መግቢያ ይመርምሩ። ጥላሸት ይጸዳል፤ የተኩሱ ትኩስ ጋዝ የበላው ብረት ግን አይመለስም። የሲሊንደሩ ፊት ብቻ ነጣ ብሎ ካብረቀረቀ ይጠርጥሩ፤ ጥላሸቱን ለመደበቅ የሚታሸበት የጥይት እርሳስ (ሊድ) ማስለቀቂያ ጨርቅ የብረቱን ሰማያዊ ቀለምም ይበላዋል።

የብሎኖቹ ጭንቅላት ከተላላጠ አንድ ሰው ፈታቶታል። በካርቶኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ከሽጉጡ ቁጥር ጋር ካልገጠመ ካርቶኑ ከሌላ የመጣ ነው፤ ለዚያ ተጨማሪ አይክፈሉ። መቼና ወደ ማን እንደተላከ የሚገልጽ ደብዳቤ ከኮልት መዝገብ ክፍል በክፍያ ይገኛል።

ከገዙ በኋላ ቆዳ አፎት ውስጥ አያኑሩት፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ያዝገዋል። ስስ ዘይት ቀብተው፣ እርጥበቱ 50 በመቶ በማያልፍ የተቆለፈ ሣጥን ያስቀምጡት። ቃታውንም ለእንግዳ ማሳያ አያድርጉት።