ማውሱን አትንጠቁ

ልጆች፣

ውክፔዲያ ላይ መጻፍ ከጀመራችሁ ዓመት ሁለት ዓመት ሆኗችኋል። አሁን ደግሞ ጀማሪ ልታለማምዱ ነው አሉ። ይቺ ደብዳቤ ለእናንተ ናት።

እኔ ሽመንደፈር ነበርኩ። ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር መዝገብ ቤት፣ ዕድሜዬን በፋይል መሀል ጨርሼ ጡረታ ወጣሁ። ባቡር ስል አሮጌውን ነው፤ ከከተማ ወጥቶ የሚቆመውን አዲሱን አይደለም።

ውክፔዲያን ያስተማረኝ የጎረቤት ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን እጁ አያርፍም። «ጋሼ፣ ቆይ እኔ ላሳይዎት» ይልና ማውሱን ይወስዳል። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። «ገባዎት?» ይለኛል። «ገባኝ» እላለሁ። ምን ገባኝ! ብቻዬን ስቀመጥ «አርም» የሚለው ቃል የት እንዳለ እንኳ ይጠፋኛል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተደናበርኩ። ተምሬ ሳይሆን አይቼ ነበር የምመለሰው።

እናም እባካችሁ፣ ማውሱ ከጀማሪው እጅ አይውጣ። ይዘገያል፣ ይዘግይ። ያልሆነ ቦታ ይጫናል፣ ይጫን። እጃችሁ ከበላችሁ ቡናችሁን ያዙበት።

«አይዞህ፣ የሚሰበር ነገር የለም» ማለት ብቻውን አይበቃም። «ታሪክ» የሚለውን ገጽ አስከፍቱት። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና እኔን የማረከኝ እሱ ነው። እኛ ዘንድ ደብዳቤ ላይ ስርዝ ድልዝ ከተገኘ ማን እንደሰረዘ ፊርማ እንፈልግ ነበር። ብዙ ጊዜ አናገኝም። እዚህ ግን ማን፣ መቼ፣ የቱን ቃል እንደቀየረ ተመዝግቦ ተቀምጧል። አንዱ ተነስቶ ገጹን ሙልጭ አድርጎ ቢያጠፋው፣ የትናንቱን መመለስ የደቂቃ ሥራ ነው። ጀማሪው ይሄን በዓይኑ ካየ ፍርሃቱ ይለቀዋል።

ሁሉም ሲጀምር አዲስ ገጽ መክፈት ያምረዋል። ብዙውን ጊዜ ስለ ራሱ፣ ካልሆነም ስለ አጎቱ። በቀስታ መልሱት። አዲስ ገጽ ሲያስፈልግም መጀመሪያ በየአጻጻፉ ይፈልግ። «ሀረር» ብሎ ፈልጎ ያጣ ልጅ፣ «ሐረር» ተብሎ የተጻፈው ገጽ እያለ ሁለተኛ ሐረር ይቆረቁራል። «ድሬዳዋ» እና «ድሬ ዳዋ»ም እንደዚያው።

እኔ ለጀማሪ የምሰጠው ሥራ ቀን ማስተካከል ነው። ትንሽ ይመስላል እንጂ ጉድ ያለበት እዚያ ነው። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ልጅ ከፈረንጁ ዓመት ላይ 8 ቀንሶ ያልፋል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆች ዲሴምበር 1902 ነው። ስምንት ሲቀነስ 1894 ይሆናል። ግን ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ስለዚህ 1895 ዓ.ም.። ወሩ ደግሞ ይብሳል። ድሬዳዋን የመታውን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ አንዱ «ነሐሴ 6 ቀን 1998» ብሎ ጽፎት አገኘሁ። ኦገስት 6ን እንዳለ ገልብጦ ነዋ! ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ያ ጎርፍ የመጣው ሌሊት ነው። ሲነጋ ሐምሌ 30 ነበር። ነሐሴ ገና አልገባም። ጀማሪ እንዲህ ያለ ስህተት ራሱ ሲያገኝ ማየት ደስ ይላል። ፊቱ ይበራል።

አሁን ከሐረር ስለመጣችው ተማሪ ልንገራችሁ። ስለ ሐረሪ ቤት መጻፍ ፈለገች። አያቷ ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር ውስጥ ነው የሚኖሩት። የትኛው ነደባ፣ ማለትም የቤቱ መቀመጫ መደብ፣ ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ስፌት የማን እንደሆነ በቃሏ ታውቃለች። ጥሩ አድርጋ ጻፈች። «ውብ» እና «አስደናቂ» በዝተውባት ነበር፤ ቀነስን። በማግስቱ አንድ የማናውቀው ሰው ግማሹን አነሳው። ምክንያቱ ሁለት ቃል ነው፦ «ምንጭ የለውም»።

ደወለችልኝ። «አቦ ጋሼ፣ አያቴን እኮ ውሸታም አሏት!»

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይሄ ቀን እንደሚመጣ አስቀድሜ አልነገርኳትም። እናንተ ንገሩ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ሲነሳ ጀማሪው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ይጣላል፣ ወይ ይጠፋል። የሚጠፋው ይበዛል።

አያትሽ አልዋሹም አልኳት። ግን ጎንደር ያለ አንባቢ ጁገል ድረስ መጥቶ አያትሽን ሊጠይቅ አይችልም። እሱም አገላብጦ ማየት የሚችለው ነገር ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ደንቡ ለእኛ አገር ይከብዳል። ብዙው ዕውቀታችን ያለው ሽማግሌ አፍ ላይ ነው። ግን ሽማግሌውንም አውቀዋለሁ፣ እኔው ነኝና። አንድ ቀን ሦስት ሽመንደፈሮች ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቡና ይዘን፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባበትን ዓመት አንስተን ተከራከርን። ሦስታችንም በማተባችን ማልን። ሦስት የተለያየ ዓመት! ያስታረቀን መጽሐፍ ነው፤ 1909 ዓ.ም.። ከሦስታችን አንድም ያገኘው የለም።

ልጅቷ ቤተ መጻሕፍት ገባች። ስለ ሐረሪ ቤት የተጻፈ ነገር አላጣችም። አያቷ ያሏትን ብዙውን ከነምንጩ መለሰች። ፎቶውን ራሷ አነሳች፤ ከፌስቡክ የተወሰደ ፎቶ የሰው ንብረት ነውና አይሆንም። «ሐረር የእስልምና አራተኛዋ ቅድስት ከተማ ናት» የሚለው ላይ ደግሞ ተነጋገርን። ማን አለ? በ2006 እ.ኤ.አ. ጁገልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ ራሱ «ይባላል» ብሎ ነው ያለፈው። 82 መስጊድ፣ 102 የአውልያ ቦታ ሲል ግን ቆጥሮ ነው። ቁጥሩን ቁጥር፣ የሚባለውን የሚባል አድርጋ ጻፈችው።

እናንተም የሰው ጽሑፍ ስታነሱ አንድ መስመር ጨምሩ። «ይሄን የሚል መጽሐፍ ካለሽ አምጪው፣ ይመለሳል» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ጽሑፉ የሰው ቤት ታሪክ ሊሆን ይችላል።

አያቷ ስለ አንዲቱ ትንሽ ነደባ የነገሯት ግን እስካሁን መጽሐፍ ላይ አልተገኘም። ገጹ ላይ አላስገባችውም። «ውይይት» የሚለው ውስጥ አስቀመጠችው፣ ከሥሩ ስሟን ፈርማ፦ «ይህን የሚል ጽሑፍ ያየ ካለ ይንገረኝ።» መልስ የሰጠ የለም። ጠዋት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ እኔም ከፍቼ አየዋለሁ።