ለ4 ዓመት የልጅ ልጅ ምን ዓይነት መጽሐፍ ይሻላል?
እማማ፣ አብሽሩ! የልጅ ልጅዎ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ የምትሰለቸው መጽሐፉ ምክር ስለበዛበት ይመስለኛል። ልጅ ስብከት አይወድም።

ደሴ ፒያሳ መጽሐፍ ሊገዙ ሲወጡ፣ መጀመሪያ አንዱን ገጽ ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡት። ምላስዎን ካሰረው ይተዉት። ሥዕሉ ትልልቅ፣ ጽሑፉ ሁለት ሦስት መስመር፣ የሚደጋገም ሐረግም ያለው ይሁን። «ተረት ተረት» ሲሏት «የላም በረት» እንደምትለው፣ እሱንም ትቀበልዎታለች። ጦጣና ጅብ ካሉበትማ አለቀ! የእኔው ልጅ አንዱን የጅብ ተረት ስንቴ እንዳስነበበኝ! ሰለቸኝ ብል ማን ሰምቶኝ። ግን ቃላቱን የሚይዙት በድግግሞሹ ነውና ይታገሷት። ጅቡ ሲናገር ድምፅዎን ማጎርነን አይርሱ።

ጊዜ የለኝም ላሉት፣ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ እኮ አንድ የልጆች መጽሐፍ ተነቦ ያልቃል።