የትኛውን እርጎ ልምረጥ? ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ላለባቸው አንባቢያን የተሰጠ መልስ

«ስኳር ያልተጨመረበት» የሚል እርጎ ገዝቼ ጀርባውን ሳነበው ስኳር 5 ግራም ይላል። ተታለልኩ?

አልተታለሉም። ወተት ላክቶስ የሚባል የራሱ ስኳር አለው። እርጎው ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከፊሉን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ የተረፈው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በ100 ግራም ተራ እርጎ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ግራም ስኳር ቢያዩ አይደንግጡ።

የሚያሳስበኝ ከዚያ የሚያልፈው ነው። ቫኒላ ወይም ፍራፍሬ የገባበት እርጎ በ100 ግራም 14 ግራም ስኳር ካለው፣ 9 ግራም ያህሉ ከወተቱ የመጣ አይደለም። 150 ግራም የሚይዘውን ኩባያ ሲጨርሱ ከሦስት የሻይ ማንኪያ በላይ ትርፍ ስኳር በሉ ማለት ነው። በዝርዝሩ ላይ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ፍሩክቶስ ወይም ማር ተብሎ ቢጻፍም ያው ስኳር ነው። ከስታርች የሚሠራው ማልቶዴክስትሪን ደግሞ «ስኳር» በሚለው መስመር ላይ ሳይታይ የደም ስኳርን በፍጥነት ከፍ ያደርጋል። እኔ «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» የሚለውን አስቀድመው እንዲያዩ እመክራለሁ። ቁጥሩ ለስንት ግራም እንደተሰላም ልብ ይበሉ፤ አንዳንዱ ለግማሽ ኩባያ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ስብ የሌለውን ካልሆነ አትግዛ ትለኛለች። ልክ ናት?

ኮሌስትሮልዎ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ክብደት ለመቀነስ እየሞከሩ ከሆነ ምክሯ ጥሩ ነው። ነገር ግን ስቡ ሲወጣ ጣዕሙን ለመመለስ ስኳር ወይም ስታርች የሚጨመርበት አለ። ስብ የሌለው ሆኖ ምንም ያልተቀላቀለበትን ይምረጡ።

ወፍራሙ፣ የግሪክ የሚባለው እርጎ ይሻላል?

በእኔ አስተያየት አዎ፣ ተጣርቶ የወፈረ ከሆነ። ውኃው ሲወጣ ከላክቶሱም የተወሰነውን ይዞ ይሄዳል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ከተራው እርጎ እጥፍ ያህል ይሆናል። ፕሮቲን ያጠግባል፣ የደም ስኳርም ቶሎ ከፍ እንዳይል ያዘገያል። አንዳንዱ ግን በስታርች የወፈረ ነውና ዝርዝሩን ይዩ።

እናቴ ስኳርም አለባቸው፣ ኩላሊታቸውም ተዳክሟል። ይኸው ይሆናቸዋል?

ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይስጧቸው። እርጎ ፎስፈረስና ፖታሲየም አለው፤ የተጣራው ደግሞ ፕሮቲኑ ብዙ ነው። ለኩላሊት ሕመምተኛ ሦስቱም በልክ የሚወሰዱ ነገሮች ናቸው።

ጣዕም ያልገባበት እርጎ ይጎመዝዘኛል። ምን ላድርግ?

ከሚወዱት ጣፋጭ እርጎ ጋር እኩል ቀላቅለው ይጀምሩ፤ ከዚያ ጣፋጩን በየጊዜው ይቀንሱ። ቀረፋ ወይም ጥቂት እንጆሪ ጣል ማድረግም ይረዳል። የደም ስኳር መለኪያ ካለዎት ከመብላትዎ በፊትና ከበሉ ከ2 ሰዓት በኋላ ይለኩ፤ የእርስዎ ሰውነት የሚሰጠው መልስ ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይበልጣል።

እርጎ ስኳርን ይከላከላል ሲባል ሰማሁ። መድኃኒቴን ልተው?

እባክዎ አይተዉ! የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) የፈቀደው፣ በሳምንት ቢያንስ 2 ኩባያ እርጎ መመገብ በዓይነት 2 የስኳር ሕመም የመያዝን ዕድል ሊቀንስ ይችላል የሚል የማሸጊያ ጽሑፍ ነው፤ ያውም ማስረጃው ውስን መሆኑ አብሮ እንዲገለጽ አድርጎ። ስለ ሕክምና የሚናገረው ነገር የለም።

ስኳሬ ወርዶ ሲያንቀጠቅጠኝ እርጎ ልብላ?

አይሆንም፤ ፕሮቲኑና ስቡ ስኳሩን ያዘገዩታል። 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር ይውሰዱ፤ ለምሳሌ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተስተካከለ ይድገሙት። እርጎውን ስኳሩ ከተመለሰ በኋላ መብላት ይችላሉ።