‘ራፍ’ ስንት ነገር ነው? ጥያቄና መልስ

ስለ እንግሊዝኛው ‘ራፍ’ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ ብዬ ነበር። መዝገበ ቃላት ‘ሻካራ’ ይለውና ያልፋል። እናንተ ግን ቃሉ ከሥራ ቦታ እስከ ማመልከቻ ቅጽ ሲያደናግራችሁ ከርሟል። እንደ አመጣጣቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አለቃዬ ‘ራፍ እስቲሜት’ ስጠኝ አለኝ። ግምት ደግሞ እንዴት ይሻክራል?

መልስ፦ ‘በግርድፉ ስንት ይሆናል?’ ማለቱ ነው። የኛ ቃልም እኮ ከወፍጮ ቤት የመጣ ነው። እህሉ ሳይልም ሲቀር ግርድፍ ነው እንላለን፣ ሒሳቡ ሳይጣራ ሲቀር ደግሞ በግርድፉ እንላለን። ስለዚህ እስከ ሳንቲም ድረስ አትጨነቅ። ‘ራፍሊ’ ብለህ ጀምርና አንድ ቁጥር ጣልለት። ለደንበኛ በጽሑፍ ስትሰጥ ግን ‘ኮት’ የምትለዋን ቃል ተጠንቀቃት። እሷ ቁርጥ ዋጋ ናት፣ ኋላ ትያዝብሃለች።

ጥያቄ፦ ‘ራፍ ድራፍት’ስ? ያው ረቂቅ ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እንግሊዞቹ ያልተስተካከለውን የመጀመሪያ ጽሑፍ ‘ሻካራ’ ሲሉት እኛ ‘ረቂቅ’ እንለዋለን። ረቂቅ ደግሞ የረቀቀ፣ ስስ፣ በቀላሉ የማይጨበጥ ማለትም ነው። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌም ፈገግ እላለሁ። ፈተና ላይ ለማስላት የሚሰጠው ‘ራፍ’ ወረቀት ግን ረቂቅ አይባልም፣ መሞከሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ‘ስክራች ፔፐር’ ይሉታል።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው ያለሁት። የማድረው ጓደኛዬ ቤት ሶፋ ላይ ነው። ቅጽ ላይ ‘ስሊፒንግ ራፍ’ ነህ ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። አዎ ልበል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይደለህም። ‘ስሊፒንግ ራፍ’ ደጅ ማደር ነው። መንገድ ዳር፣ መናፈሻ፣ የአውቶቡስ መጠበቂያ፣ ድንኳን፣ መኪና ውስጥ ወይም የሕንፃ ደረጃ ሥር የሚያድር ሰው ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ በመጸው አንድ ሌሊት ተመርጦ ደጅ የሚያድሩ ሰዎች ቁጥር ይወሰዳል። ሶፋ ላይ የሚያድር እዚያ ውስጥ አይገባም። ይህ ማለት ግን ቤት አለህ ማለት አይደለም። የራሴ የምትለው ማደሪያ ከሌለህ ‘ሆምለስ’ ልትባል ትችላለህ። ሁለቱ በቅጹ ላይ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፣ ስለዚህ ያለህበትን እንዳለ ጻፍ፦ የማን ቤት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ መቼ። ነገ ጓደኛህ ‘በቃ ውጣ’ ቢልህና ደጅ ብታድር መልሱ ይቀየራል። ያኔ ሳትውል ሳታድር አሳውቃቸው።

ጥያቄ፦ እዚያው እንግሊዝ የሥራ ባልደረባዬ ሰኞ ጠዋት ‘አይ ፊል ራፍ’ አለችኝ። ተቆጥታ ነው?

መልስ፦ አሟት ነው እህቴ። ወይም ቅዳሜና እሑድ ጠጥታ አንጎበር ይዟታል። አንቺ ‘አይዞሽ’ በያት እንጂ የቱ ነው ብለሽ አትጠይቂያት። አሜሪካኖች ደግሞ ችግርሽን ስትነግሪያቸው ‘ዛትስ ራፍ’ ይሉሻል። ያ ማዘን ነው።

ጥያቄ፦ ‘ራፍ’ መጨረሻው ‘ጂ’ እና ‘ኤች’ በሚባሉት ፊደላት ተጽፎ ለምን ‘ፍ’ ተብሎ ይነበባል?

መልስ፦ ድሮ ‘ፍ’ አልነበረም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ለኛ ‘ኽ’ የሚቀርብ ድምፅ ነበር፣ ‘ሩኽ’ እንደማለት። ድምፁ ከጊዜ በኋላ ጠፋ። አንዳንዱ ቃል ላይ ‘ፍ’ ሆነ፣ ‘ላፍ’ እና ‘ኢነፍ’ ላይ እንደምትሰማው። ሌላው ላይ ጭራሽ ዝም አለ። አጻጻፉ ግን ባለበት ቀረ። ዘመዱ የጀርመንኛው ቃልም መጨረሻው ላይ የማይነበብ ፊደል ነበረው። ጀርመኖቹ በ1996ቱ የአጻጻፍ ማሻሻያ ቆርጠው ጣሉት።

ጥያቄ፦ መርከብ ላይ ነው የምሠራው። ‘ሲ ራፍ’ ሲባል ምን ያህል ነው?

መልስ፦ ለዚህስ ልክ አለው። የባሕር ማዕበል ከፍታ በሚመደብበት የዳግላስ መለኪያ 5ኛው ደረጃ ሲሆን ማዕበሉ ከ2.5 እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በላይ ‘ቬሪ ራፍ’ ነው።

ጥያቄ፦ ከብት አደልባለሁ። የእንግሊዝኛው መመሪያ ‘ራፌጅ’ አብዛ ይላል።

መልስ፦ ገለባ፣ ድርቆሽ፣ ሣር ማለቱ ነው። ፉሩሽካና ፋጉሎ እዚያ ውስጥ አይገቡም። ሐኪም ለሰው ‘ራፌጅ’ ካለ ደግሞ አሰር ያለው ምግብ ነው።

ጥያቄ፦ ደላንታ ኦፓል እነግዳለሁ። የውጭ ገዢዎች ‘ራፍ’ ብቻ ነው የምንፈልገው ይላሉ። ጥራቱ ዝቅ ያለውን ነው?

መልስ፦ በፍጹም! ያልተቆረጠውን፣ ያልተወለወለውን ማለታቸው ነው። ‘ራፍ’ ሆኖ እጅግ ውድ ድንጋይ አለ። ወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ይህች ቃል ገበያው ላይ አለች። ዋጋ ስትነጋገሩ በግራም ነው በካራት? አጣራ። አንዱ ካራት 0.2 ግራም ብቻ ነው። የወሎ ኦፓል ውሃ ስለሚጠጣ እርጥቡ ሚዛን ላይ ይከብዳል። ገዢህም ይህን ያውቃል፣ ደረቁን አቅርብ።

ጥያቄ፦ ‘የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ሻከረ’ የሚለውን ‘ራፍ’ ብዬ ልተርጉም?

መልስ፦ አይሆንም፣ ለዜና ‘ስትሬንድ’ በል። ባልና ሚስት ሰሞኑን ካልተስማሙ ግን ‘ራፍ ፓች’ ላይ ናቸው ብትል ያስኬዳል።