የአሜሪካ ኮሌጅ ስንት ያስወጣል? ጥያቄና መልስ

እንደምን አመሻችሁ። አንድ ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ፦ ብድር ድጋፍ አይደለም። ይከፈላል።

አዲስ አባል፦ ጋሼ፣ ኮሌጅ በዓመት ስንት ይፈጃል?

መልስ፦ የቱ ኮሌጅ? የመንግሥት ወይስ የግል? ከቤት እየተመላለስክ ወይስ ዶርም ገብተህ? እንዲህ ተድበስብሶ ለተጠየቀ መልስ የለኝም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ልጄ ከአንድ የግል ኮሌጅ የድጋፍ ደብዳቤ መጣላት። ጠቅላላ ወጪ 62,000 ዶላር ይላል። ከሥሩ ግራንት 30,000፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ የወላጅ ብድር 24,000፣ ወርክ ስተዲ 2,500። መጨረሻ ላይ «ቀሪ 0»። በነጻ ገባች ማለት ነው?

መልስ፦ እልል ከማለትዎ በፊት እስክሪብቶ ያንሱ። ከ62,000ው ላይ የሚቀነሰው የማይመለስ ገንዘብ ብቻ ነው። እሱም ግራንቱ፣ 30,000 ነው። ስለዚህ ዋጋው 32,000 ዶላር ነው፤ ለዚያውም የአንድ ዓመት። የወላጅ ብድሩ በእርስዎ ስም ነው የሚጻፈው። ልጅዎ ብትመረቅም ባትመረቅም ዕዳው የእርስዎ ነው። ወርክ ስተዲ ደግሞ ሥራ ነው። ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብላ በሰዓት ሠርታ ደመወዝ ትቀበላለች እንጂ፣ የሴሚስተሩ ሂሳብ ሲመጣ ገንዘቡ እጇ ላይ የለም።

እንዲህ የሚጽፈው ይኼ ኮሌጅ ብቻ እንዳይመስልዎት። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 እንዳወጣው፣ 91 በመቶ የሚሆኑ ኮሌጆች የተጣራውን ዋጋ፣ ማለትም ግራንቱ ተቀንሶ የሚቀረውን፣ ወይ አይጽፉትም፣ ወይ አሳንሰው ይጽፉታል።

ሌላው፣ ግራንቱ በየዓመቱ ይታደሳል? በስንት ጂፒኤ (አማካይ ውጤት)? በጽሑፍ ያስመልሱ። የአንደኛውን ዓመት አወፍረው ሁለተኛውን የሚያሳሱ አሉ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ሳላመለክት ማወቅ አልችልም?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው! ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚባል፣ የተጣራውን ዋጋ የሚገምትልህ ማስያ አለ። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ የሚቀበሉ ኮሌጆች ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያደርጉት በሕግ ተገደዋል። የወላጆችህን የታክስ ወረቀት ይዘህ ቁጭ በል። አምስት ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ዋጋ የሚነግርህን አትመነው፤ የሌሎችን አማካይ ነው የሚሰጥህ። ስለ ቁጠባና ስለ ቤት ጭምር የሚጠይቀው ይሻላል። ቁጥሩ የየትኛው ዓመት እንደሆነም እይ። አባትህ የራሱን ታክሲ የሚነዳ ከሆነ ወይም ወላጆችህ ከተፋቱ ግምቱ ሊስት ይችላል፤ ቢሮው ደውል። ደግሞ አንዳንዱ ካልኩሌተር ብድሩንም ቀንሶ ያሳያል። ብድር ድጋፍ አይደለም!

አባል 1፦ ዝም ብላችሁ ያገኛችሁትን ስኮላርሺፕ ሁሉ አመልክቱ።

አባል 2፦ ምን ዋጋ አለው? ከውጭ ስታመጣ ኮሌጁ የራሱን ግራንት ይቆርጣል። በእኔ ደርሷል።

አባል 1፦ ሜሪላንድ እንዲህ አይደረግም።

አባል 2፦ ሁሉም ሰው ሜሪላንድ ነው እንዴ የሚኖረው?

አባል 1፦ የሐበሻ ልጅ ግማሹ እዚያ አይደል?

መልስ፦ በቃ፣ በቃ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሜሪላንድ በ2017 ይህን የሚገድብ ሕግ አውጥታለች፤ ግን ለመንግሥት ኮሌጆች ነው። ሌላው ቦታ ኮሌጁን መጠየቅ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ እኔ ፋፍሳ (የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻውን) ልሙላ?

መልስ፦ በተማሪ ቪዛ የምትመጣ ከሆነ የፌዴራል ድጋፍ አይመለከትህም። የኮሌጁን የራሱን ድጋፍ ጠይቅ።

ከአዲስ አበባ፦ ቪዛውስ ይሰጡኛል?

መልስ፦ እኔ ቆንስላ አይደለሁም።

ሌላ አባል፦ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች መንግሥት የሚሰጠው ፔል ግራንት ስንት ነው?

መልስ፦ ለ2025–26 ትልቁ 7,395 ዶላር። ሁሉም ያን ያህል አያገኝም።

አዲስ አባል፦ ታዲያ በጠቅላላው ስንት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ።

የሁለት ልጆች እናት፦ እንዳሉኝ ግራንቱን ብቻ ቀነስኩ። ከቤት እየተመላለሰች የምትማርበት ሌላው፣ የመንግሥት ኮሌጅ 24,000 ብሎ 9,000 ግራንት ሰጥቷል። ስለዚህ 15,000 ነው። ወገቤን ያዝኩ እኮ!

መልስ፦ እሱ 24,000 ውስጥ የቤት ኪራይና ምግብ ብለው የገመቱት አለ? ካለ፣ ልጅዎ እርስዎ ቤት ስለምትበላ ለኮሌጁ የሚከፍሉት ከዚያም ያንሳል። የኮሌጁ የጤና ኢንሹራንስ ከተጨመረበት ደግሞ በእርስዎ ኢንሹራንስ መሸፈኗን አሳይተው ያስነሱት። ቀነ ገደብ አለው፤ ነገ ይደውሉ።