የልጄን ሐዘን ለሌሎች ልጆች ጥቅም ላውለው?

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄን ባለፈው ዓመት በልብ ሕመም አጣሁ። ሐኪሞቹ በሽታው ከሚመላለስበት የጉሮሮ ሕመም የመጣ መሆኑን ነግረውናል። በስሙ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለማቋቋም አስባለሁ፤ ባለቤቴ ግን «ቁስሉን ለምን ትነካኪዋለሽ?» እያለ ይቃወመኛል። ምን ይመክሩኛል?
የልጅ እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ ፈጣሪ ያጽናዎት፣ እኅታችን። ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን በድርጅት አይጀምሩ። ምዝገባው፣ መተዳደሪያ ደንቡና የሒሳብ ሪፖርቱ፣ እንቅልፍ ገና ያልተመለሰለትን ሰው ጉልበት ይጨርሳሉ። ለቅሶዎ ላይ ድንኳን የተከለልዎት ቅሬ (የአካባቢው የመረዳጃ ማኅበር፣ እንደ እድር ያለ) አለልዎት። ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ የሚያሰባስበው የወሎ ቅሬ ሰው ከተቀበረ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከመሞቱ በፊትም ሊደርስለት ይችላል።

ለቅሬው የሚነግሩት ነገር አለዎት። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን የሚይዝ አንድ ዓይነት የባክቴሪያ ጉሮሮ ሕመም፣ ካልታከመ የሩማቲክ ትኩሳትን (መገጣጠሚያንና ልብን የሚያቆስል በሽታ) ሊያስከትል፣ ይህም ሲደጋገም የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ በፔኒሲሊን ከታከመ ግን ትኩሳቱን መከላከል ይቻላል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም፤ እንዲያውም ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። የቀበሌዎ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቅሬው ስብሰባ ላይ ተገኝታ እንድታስረዳ ይጋብዟት፤ እናቶች ከእርስዎ አፍ ሲሰሙት ደግሞ ይበልጥ ይገባቸዋል። (ይህን መናገር ራስዎን መክሰስ እንዳይመስልዎት፤ ብዙ ወላጅ የጉሮሮ ሕመምን እንደ ጉንፋን ነው የሚያየው።)

ሕመሙ ልባቸውን የነካ ልጆች በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መወጋት አለባቸው። መርፌው ወፍራም መድኃኒት የያዘ በመሆኑ ያማል፤ ልጁ ተራውን ሲጠብቅ የእናቱን ነጠላ ጨብጦ ያለቅሳል፤ ከኩታበር ወይም ከተንታ የሚመጣ ቤተሰብ ደግሞ መሳፈሪያ ሲቸግረው ቀጠሮውን ይዘላል። የአንድ ልጅ መሳፈሪያ መሸፈንና የቀጠሮውን ቀን ማስታወስ ለመጀመሪያው ዓመት በቂ ሥራ ነው። ከቅሬው ውጭ ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ ካስፈለገዎት ግን አስቀድመው የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቁ።

በልጅዎ ዕድሜ ያለ ሕፃን ሲያዩ ሆድዎ ሊባባ ይችላልና ብቻዎን ወደ ጤና ተቋም አይሂዱ፤ ከከበደዎት ወር ሁለት ወር ይተዉት።

ባለቤትዎ ሥራውን የጠላ አይመስለኝም፤ የእርስዎን እንባ እንደገና ማየት ፈርቶ ይሆናል። በሥራው ላይ የልጁን ስም ማኖር እርሱ እስኪስማማ ይቆይ። እስከዚያ የመሳፈሪያውን ሒሳብ እንዲይዝልዎት ይጠይቁት፤ እምቢ ካለም አይጫኑት።