አንድ ፊልም አትሥሩ፣ ዕቃውን ይዛችሁ ኑ

ከዲሲ፣ ከሚኒሶታ፣ ከለንደን የሚደውሉልኝ ወገኖች ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው። «ፊልም ላይ ገንዘብ ባወጣ ያዋጣኛል?» ይላሉ። አብዛኞቹ የሚያስቡት አንድ ፊልም ነው። ስክሪፕቱም አልቋል፤ ብዙ ጊዜ ታሪኩ የራሳቸው የስደት ሕይወት ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ፊልሙን ተዉት። ፊልም ሠሪዎች የሚከራዩትን ዕቃ ይዛችሁ አዲስ አበባ ዳር የዕቃ ማከራያ ክፈቱ።

ካሜራ፣ ሌንስ፣ መብራት፣ ማይክ፣ ሁሉም የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። እዚህ ያለ ጎበዝ ልጅ ዕቃውን በራሱ አቅም መግዛት ከብዶታል። የእናንተ ብልጫ እዚህ ላይ ነው። በሙያው እንኳ ልጆቹ ይበልጧችኋል፣ ቅር አይበላችሁ።

ለምን ከተማው ዳር? ቦሌ አካባቢ ድምፅ መቅዳት ስቃይ ነው። አውሮፕላን አለ፣ ክላክስ አለ፣ ግንባታ አለ። ፊልሞቻችን ደግሞ በምስል ብዙ ተሻሽለው አሁንም የሚወድቁት በድምፅ ነው። እኔ ያለሁት ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ። ሜዳው ሰፊ ስለሆነ የገጠር ትዕይንት ፍለጋ ጎጃም መውረድ አያስፈልግም። የመጋዘን ኪራይም ከመሃል ከተማ ይቀላል። ሌሊት ግን ውሾቹ አያስቀርጹም፣ ይህን ከወዲሁ እወቁት።

ለሰፈሩ የሚተርፈውን ያየሁት በምሳ ሰዓት ነው። የቀረጻ ቡድን ሲመጣ ያ ሁሉ ሰው ይበላል፣ ቡና ይጠጣል። አናጺው የውሸት ግድግዳ ያቆማል። ልብስ ሰፊው ለተዋናይ ካባ ይሰፋል። ሚኒባስ ይከራያል፣ ጥበቃ ይቀጠራል። ገበሬው ፈረሱን በቀን ሒሳብ ይሰጣል፣ ልጁ ደግሞ አጃቢ ሆኖ ይተውናል። ሞሮኮ ውስጥ ዋርዛዛት የምትባል የበረሃ ጫፍ ከተማ አለች። አትላስ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1983 ተከፍቶባት፣ አናጺዎቿ ለውጭ ፊልሞች የጥንት ግብፅንና ሮምን ሲያቆሙ ኖረዋል። ሱሉልታም እንዲህ ትሆናለች ብዬ አላጓጓችሁም። እነሱ ዘንድ የሆሊውድ ብር ይመጣል። የእኛ ገበያ እኛው ነን።

ገበያውም ቦታውን ቀይሯል። በ2012 ኮቪድ ሲኒማ ቤቶችን ካዘጋ ወዲህ ብዙ ሥራ ወደ ዩቲዩብና ወደ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሄዷል። ዩቲዩብ ላይ አሜሪካ ያለ ተመልካች የሚያስገኘው የማስታወቂያ ገቢ አዲስ አበባ ካለው ይበልጣል። ስለዚህ እዚያ ሆናችሁ ማከፋፈሉን ያዙ፣ እዚህ ደግሞ ዕቃውን አከራዩ።

አንድ ክፍል ለድምፅ ብቻ አዘጋጁ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 የውጭ ድራማ በአማርኛ እያስተረጎመ ሲመጣ አርቲስቶቻችን ጮኸው ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። ግን ድምፅ መተርጎም ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን አገሩ አየ። ሱሉልታ ላይ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አጥርተው የሚናገሩ ወጣቶች ሞልተዋል። የአማርኛውን ሥራ ወደ ኦሮምኛ፣ የኦሮምኛውን ወደ አማርኛ መመለስ ትችላላችሁ። ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ካሜራውን ቤት ሲያስቀምጠው፣ ደመወዝ የሚከፍለው ይህ ክፍል ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ዜግነት የቀየራችሁ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አውጡ። በኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474/2012 መሠረት የውጭ ባለሀብት ፊልም ሥራ ውስጥ የሚገባው ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ተጣምሮ ነው፤ ድርሻውም ከ49 በመቶ አይበልጥም። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን ከፈለገ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። ድሮን ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ ቦሌ ላይ ይቀራል።

መሬት አትግዙ። ደላላው «የገበሬ ይዞታ ነው፣ ካርታው በሂደት ላይ ነው» ሲላችሁ ስልኩን ዝጉ። በ2011 ለገጣፎ ላይ ሕገ ወጥ ተብሎ ስንት ቤት እንደፈረሰ ታስታውሳላችሁ። ሦስት ፌዝ መብራት ያለው መጋዘን ተከራዩ፣ ጀነሬተር ጨምሩ፣ ይበቃል።

ቁልፉን ለአክስት ልጅ አትስጡ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ለጓደኞቹ እምቢ ማለት አይችልም፤ ሌንሱ ለሠርግ ቀረጻ ወጥቶ ጭረት ይዞ ይመለሳል። የሙያው ሰው ቅጠሩ። ዕቃ ሲወጣም ሲገባም ፎቶ ይነሳ፣ ይፈረምበት። ኪራዩን በየቀኑ ተቀበሉ። «ፊልሙ ሲሸጥ እከፍላለሁ» የሚል ፕሮዲዩሰር ከመጣ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።